የሂችኮክ «ዘ ሎጀር» ሰማያዊና ቢጫ እየሆነብኝ ነው፤ ፋይሉ ነው ወይስ ቴሌቪዥኔ?

ጠያቂው፦
ሰላም ለቤቱ። ትናንት ማታ ከአያቴ ጋር «ዘ ሎጀር»ን አየን። እ.ኤ.አ. የ1927ቱን፣ ድምፅ አልባውን ፊልም። ለንደን ውስጥ ማክሰኞ ማክሰኞ ፀጉረ ወርቃማ ሴቶች ይገደላሉ፤ አንድ ቤት ደግሞ ነገረ ሥራው የሚያጠራጥር ደባል ይገባል። አያቴ እንግሊዝኛ ስለማያነቡ ጽሑፍ በመጣ ቁጥር እያቆምኩ እነግራቸዋለሁ።

ጥቁርና ነጭ ነው ብዬ ነበር የከፈትኩት። ውጭ ጭጋጉ ውስጥ ሲሆኑ ግን ሁሉም ነገር ሰማያዊ ይሆናል። ቤት ሲገቡ ወደ ቢጫ ይዞራል። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፣ ያው ነው። ደግሞ ደባሉ ፎቅ ላይ ሲንጎራደድ ጫማው ከታች ይታያል! አያቴ «ኮርኒሱ መስታወት ነው እንዴ?» አሉ። ሳቅኩባቸው።

ፎቶ ቤት ያደገው፦
ቴሌቪዥንህን ተወው፣ ጤነኛ ነው። ያኔ ፊልሙን ራሱን ቀለም ውስጥ ይነክሩት ነበር። ለሌሊት ሰማያዊ፣ መብራት ላለበት ክፍል ቢጫ። ብዙ ጊዜ የሌሊቱን ትዕይንት ቀን ይቀርጹትና ሰማያዊ ሲነከር ተመልካቹ «መሽቷል» ብሎ ይቀበላል። እኛም ፎቶ በሻይ እየነከርን «የጥንት» ስናስመስል ኖረናል፣ አትፍረድባቸው።

አያትህን ግን ይቅርታ ጠይቅ። መስታወት ነው! ዳይሬክተሩ ሂችኮክ ወፍራም የመስታወት ወለል አሠርቶ ደባሉን የሚጫወተውን አይቨር ኖቬሎን ላዩ ላይ አስኬደው፤ ካሜራው ከሥር። ድምፅ የለማ። ኮቴውን ማሰማት ካልቻልክ ማሳየት ነው። መጀመሪያ ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለው መብራት ሲወዛወዝ አይተሃል? ታች ያሉት ቀና ብለው ያዩታል፣ ከዚያ እግሩ ይመጣል። እኔ እዚያ ጋ ሁሌ መልሼ ነው የማየው።

ማታ ተመልካች፦
የትኛውን ቅጂ ነው ያየኸው? እ.ኤ.አ. በ2012 የታደሰው ከሆነ ሙዚቃው የኒቲን ሶውኒ ነው። ለእኔ አልጣመኝም። ዘፈን ሲገባበት ድምፁን ዘግቼ ጨረስኩት።

ጠያቂው፦
እሱኑ ነው ያየነው። አያቴ ሙዚቃውን ወደውታል። ግን ገና ከጅምሩ «ይሄ ልጅ አይገድልም፣ በጣም ያምራል» ብለው ድርቅ አሉ።

ፎቶ ቤት ያደገው፦
ፊልሙን ያላያችሁ ይህን ዝለሉት። ኖቬሎ የዘመኑ ቀንደኛ ኮከብ ነበር፤ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ እንዲታይ አልተፈለገም። ሂችኮክ ጥርጣሬው ሳይፈታ ቢቀር ይመርጥ እንደነበር ኋላ ላይ ለፈረንሳዊው ዳይሬክተር ለትሩፎ ነግሮታል። አያትህ በመልኩ ብቻ ደረሱበት።

ጠያቂው፦
የጻፍከውን አነበብኩላቸው። «መስታወቱ ቢሰበርስ ኖሮ?» ነው ያሉት።