ያገለገለ ፋይበር ኦፕቲክ ስኮፕ ከመረከባችን በፊት ምን እንፈትሽ?

ሰመመን_ደሴ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለኦፕሬሽን ክፍላችን ያገለገለ ተጣጣፊ ስኮፕ (በሰመመን ጊዜ ጉሮሮን እያዩ የመተንፈሻ ቱቦ የሚያስገቡበት) ቀርቦልናል፤ ውፍረቱ 4.1 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 60 ሴንቲ ሜትር። የሚያሳስቡን ከደጋው የሚመጣው ትልልቅ እንቅርትና አፋቸው የማይከፈት ታካሚዎች ናቸው። በዚሁ ብር ቪዲዮ ላሪንጎስኮፕ (ካሜራ ያለው፣ በአፍ የሚገባ ምላጭ) ይገዛ የሚሉም አሉ። ለፍተሻ የተሰጠን ግማሽ ቀን ነው፤ ከየት እንጀምር?

ባዮሜድ_ኮምቦልቻ፦
አብሽሩ፣ ግማሽ ቀን ይበቃል። ብቻ ከምስሉ አትጀምሩ፤ ሊክ ቴስት (ስኮፑ ማፍሰሱን የሚያሳይ የአየር ፍተሻ) ይቅደም። አየሩን አምራቹ በጻፈው ግፊት ልክ ሙሉና ጠብቁ፤ ጌጁ ከወረደ ያፈሳል። ካልወረደም ግፊቱን ሳትለቁ ውሃ ውስጥ ንከሩትና ጫፉን ወደ ላይም ወደ ታችም እጠፉት። ቀጥ ሲል የተደበቀ ቀዳዳ ሲታጠፍ ነው አረፋ የሚያወጣው። ብዙ ጊዜ የሚቀደደው የሚታጠፈውን ጫፍ የሸፈነው ስስ ጎማ ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ የጋዝ ማምከኛው ቆብ (በጋዝ ሲመከን የውስጡን አየር የሚያስተነፍሰው) ተገጥሞ ሳለ ውሃ እንዳይነካው፤ በዚያ በኩል ውሃ ገብቶ በአንድ ቀን ይበላሻል።

ቀጥሎ ጋዜጣ ላይ ያለ ጽሑፍ ከ1 ሴንቲ ሜትር ርቀት አንብቡበት። እያንዳንዱ ጥቁር ነጥብ የተሰበረ ፋይበር ነው። ተበታትነው ጥቂት ቢሆኑ ያሠራል፤ መሃል ላይ ከተከማቹ ግን ካሪናን (የአየር ቧንቧው ለሁለት የሚከፈልበትን) አታዩበትም። ሌንሱ ተጠርጎም ምስሉ ጉም ከለበሰ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው፣ ተዉት። ማንሻውን ስትጫኑ ጫፉ ዘግይቶ ከተከተለም ሽቦው ላልቷል።

አኔስቴቲስት_ወልድያ፦
ስለ ምርጫው፦ አፍ ካልተከፈተ የቪዲዮ ላሪንጎስኮፕ ምላጭ አይገባም፤ በአፍንጫ የሚሄደው ስኮፕ ነው። ደምና ትውከት ባለበት ግን ቪዲዮው ይበልጣል፤ የስኮፕን ሌንስ አንዲት ጠብታ ደም ትጋርደዋለች። እንቅርት ትልቅ ስለሆነ ብቻ ስኮፕ አይጠይቅም። በጀርባው ሲተኛ ትንፋሽ የሚያጥረውን፣ ሲተነፍስ የሚያፏጨውን ለዩ።

ለ4.1 ስኮፕ የውስጥ ስፋቱ 6.0 ወይም 6.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ ምረጡ። 8.0 ካደረጋችሁ በስኮፑና በቱቦው መካከል ክፍተት ይኖራል፣ የቱቦው ጫፍም ቀኝ አሪቴኖይድ (የማንቁርት ትንሽ ልም አጥንት) ላይ ይሰካል። ሲሰካ አትግፉ፤ ትንሽ መልሱት፣ 90 ዲግሪ ከሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ በተቃራኒ አዙሩት፣ ከዚያ አስገቡ። ቱቦውን አስቀድማችሁ ስኮፑ ላይ አጥልቁት፣ የስኮፑ ጫፍም በቱቦው ዋና ቀዳዳ እንጂ በጎኑ ቀዳዳ እንዳይወጣ እዩ። በጎን ከወጣ ሁለቱን አንድ ላይ ነው የምታወጡት፣ ለይቶ መጎተት ስኮፑን ይቀደዋል።

ታካሚው ነቅቶ ሳለ ሲሠራ የላይዶኬኑን (የማደንዘዣውን) መጠን ቁጠሩ፦ ጣሪያው ስብን ሳይጨምር በኪሎ 9 ሚሊ ግራም ነው። ለ50 ኪሎ 450 ሚሊ ግራም፤ የ10 በመቶው ስፕሬይ በአንድ ጭነት 10 ሚሊ ግራም ይሰጣል። አፍንጫ ውስጥ የገባው ጄልም ከዚሁ ይቆጠራል።

ሰመመን_ደሴ፦
እግዜር ይስጥልን። ማጽዳቱስ?

ባዮሜድ_ኮምቦልቻ፦
ከታካሚው እንደወጣ፣ ሳይደርቅ፣ ቻናሉን (የስኮፑን የውስጥ ቱቦ) በኢንዛይም ሳሙና እጠቡና በብሩሽ ፈግፍጉት። ሳሙናው በደንብ ካልወጣ ግሉታራልዴሃይዱ (ጀርም መግደያው መድኃኒት) አይሠራም። 2 በመቶው በ20 ዲግሪ 20 ደቂቃ ይፈልጋል፤ በደሴ ጠዋት መድኃኒቱ ከዚያ በታች ስለሚቀዘቅዝ ቴርሞሜትር ይኑራችሁ። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማለቅለቅ፣ ቻናሉን በ70 በመቶ አልኮልና በአየር ማድረቅ። ቦርሳው ውስጥ ጠቅልላችሁ አታስቀምጡት፤ ቀጥ ብሎ ይሰቀል። መብራት ስለሚጠፋም በባትሪ የሚሠራ የብርሃን ምንጭ አብሮ እንዲመጣ ጠይቁ።