የጎረቤቴ ሳህንና የስኳር ድንች ብስኩት

ጠያቂዋ፣ ከጆርጂያ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ከመጣን ገና አምስተኛ ወራችን ነው። ትናንት ጎረቤታችን፣ አንዲት ትልቅ ጥቁር አሜሪካዊት እናት፣ በሳህን ሙሉ ብርቱካናማ ትንንሽ ዳቦ የሚመስል ነገር ይዘውልን መጡ። «ስዊት ፖቴቶ ብስኪት» ነው አሉኝ። ብስኩት ሲሉኝ ያ ከሱቅ ገዝተን በሻይ የምንነክረው መስሎኝ ነበር። ልጆቼ አምስት ደቂቃ አላቆዩትም።

አሁን ሁለት ነገር ቸግሮኛል። ልጆቹ «ድገሚልን» ብለው ወጥረው ይዘውኛል። አሠራሩን የሚያውቅ አለ? ደግሞም ሳህኑ እኔ ጋ ነው። የሰው ሳህን ባዶውን እንዴት ይመለሳል?

መልስ፣ ከክላርክስተን (አትላንታ አጠገብ)

እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። በስሙ የተሸወድሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም። እኔም የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ሆቴል ኩሽና ስቀጠር «ብስኪት አውጪ» ተብዬ የኩኪስ ካርቶን ይዤ ወጥቻለሁ። እኛ ብስኩት የምንለውን እነሱ ኩኪ ይሉታል። በነዚህ በደቡቦቹ ግዛቶች ብስኪት የሚባለው ያለ እርሾ፣ በቤኪንግ ፓውደር የሚነሳ ትንሽ ዳቦ ነው። ውስጡ ለስላሳ ሆኖ ጎኑ በንብርብር ይገለጣል። ጠዋት ከእንቁላል ጋር፣ ማታ ከዶሮ ጋር ይበሉታል። ስኳር ድንች ሲገባበት ትንሽ ይጣፍጣል እንጂ ኬክ አይሆንም።

ያስተማረችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት፣ አላባማ ያደገች። መጀመሪያ ቤቴ ሞክሬ ወሰድኩላት። አንዱን አንስታ ጠረጴዛው ላይ አንኳኳችበት። ኳ! አለ። «ቤቢ፣ ሊጡ ምን አድርጎሽ ነው?» አለችኝና ሆዷን ይዛ ሳቀች። ምን አድርጌ መሰለሽ? እናቴ ድፎ ስታቦካ እንዳየሁት ሩብ ሰዓት ሙሉ አሸሁት። እኛ ቤት ያልታሸ ሊጥ ሊጥ አይባልም። ብስኪት ግን ከታሸ አለቀለት፣ ኮብልስቶን ነው የሚሆንልሽ። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይቺን ያዢ፦ እጅሽን ሰብስቢ።

ወደ ሥራው እንግባ። ኦቭንሽ እንደብዙዎቻችን የድስት መጋዘን ከሆነ መጀመሪያ ድስቶቹን አውጪ።

ሱቅ ስትሄጂ ቆዳው ቀላ ያለ፣ ውስጡ ብርቱካናማ የሆነውን ስኳር ድንች ያዢ። አንዳንድ ሱቅ «ያም» ብሎ ይለጥፍበታል፣ እንዳያደናግርሽ። እውነተኛው ያም የኛው የደቡቡ ቦዬ ነው። በወላይታና በሲዳማ በኩል ቀቅለን የምንበላው ነጩ ስኳር ድንችም ይሠራል፤ ደረቅ ስለሆነ ግን ትንሽ ተጨማሪ ፈሳሽ ይፈልጋል። በቆርቆሮ ያለውን ተይው፣ አብዛኛው ሽሮፕ ውስጥ የተዘፈዘፈ ነው።

አትቀቅይው። እኔ ቀቅዬው ውሃ ጠጥቶ ሊጡ እጄ ላይ ተለጠፈ። ዱቄት ጨመርኩበት፣ ጨመርኩበት፣ መጨረሻ ላይ ደረቅ ዳቦ በላሁ። በሹካ ወጋግተሽ ከነቆዳው ኦቭን ውስጥ በ400 ፋራናይት፣ በሴልሺየስ 200 ገደማ፣ ከ50 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ተይው። ሥሩ ፎይል አንጥፊ፣ ስኳሩ እየተንጠባጠበ ይቃጠላል። ሲበስል ቆዳው በእጅሽ ይላጣል። በሹካ ዳምጠሽ ሦስት ሩብ ኩባያ ለኪና ፍሪጅ ውስጥ ይቀዝቅዝ። ይህን ከማታው ብትጨርሺው ጠዋት ሥራው የግማሽ ሰዓት ነው።

ሁለት ኩባያ ዱቄት፣ ማለትም 250 ግራም ገደማ፣ ሰፋ ባለ ሳህን አድርጊ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ሶዳ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቡናማ ስኳር ቀላቅይበት። እነሱ ቀረፋ ያደርጉበታል። እኔ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማ እጨምራለሁ። ባልደረባዬ ስትቀምሰው «ምንድነው ይሄ?» ብላ አሁን ከእኔ እየወሰደች ነው የምትጠቀመው።

የዱቄት ነገር ከተነሳ፣ የዚህ አገር ሴቶች «ዋይት ሊሊ» ለሚባለው ይሟገታሉ። በፈረንጆቹ በ1883 ኖክስቪል፣ ቴነሲ የተጀመረ ስም ነው። ለስላሳ ከሆነ የክረምት ስንዴ ስለሚፈጭ ፕሮቲኑ አነስተኛ ነው፣ ሊጡም ቶሎ አይከርም። ከሌለ ግን ተራው ዱቄት ይበቃሻል። ከረጢቱ ላይ «ሰልፍ ራይዚንግ» የሚል ከሆነ ቤኪንግ ፓውደርና ጨው ቀድሞ ገብቶበታል፣ አንቺ አትድገሚው። እኔ ደግሜ መራር በልቻለሁ።

አሁን ቅቤው። ስድስት የሾርባ ማንኪያ፣ 85 ግራም፣ ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ። መጠቅለያው ላይ የማንኪያው መስመር ተሠርቶበታል፣ በዚያ ቁረጪ። ግማሽ ሰዓት ፍሪዘር ካስገባሽው በኋላ በካሮት መፈቅፈቂያ ዱቄቱ ላይ ፈቅፍቂውና በጣትሽ ጫፍ በትኚው። እንዲቀልጥ አንፈልግም። ኦቭን ውስጥ ሲገባ ቅቤው ውስጥ ያለው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ነው ንብርብሩን የሚያነሳው። የእናታችንን ንጥር ቅቤ ላድርግ እንዳትይ። ሲነጠር ውሃው ወጥቶ አልቋል፣ አያነሳልሽም። ከኦቭን ሲወጣ ላዩ ላይ ብትቀቢው ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ከዚያ በተርሚልክ፣ ግማሽ ኩባያ። ይህንን እንግዳ ነገር አታድርጊው፣ አሬራ በይው። ቅቤ ከተናጠ በኋላ የሚቀረው ማለት ነው። የሱቁ በአብዛኛው ከመናጥ ሳይሆን ወተት በባክቴሪያ ረግቶ የተሠራ ነው፣ ኮምጣጣነቱ ግን ያው ነው። ሶዳውን የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። ካጣሽ ግማሽ ኩባያ ወተት ላይ ግማሽ የሾርባ ማንኪያ ሎሚ ጨምቂና አሥር ደቂቃ አቆዪው።

አሬራውንና የተዳመጠውን ስኳር ድንች መትተሽ ዱቄቱ መሐል አፍስሺ። በሹካ ገልብጪው። ዱቄቱ ጠፋ ስትይ አቁሚ። እዚህም እዚያም ጓጉሎ አስቀያሚ ይመስልሻል፣ ልክ ነው። ዱቄት የተነሰነሰበት ጠረጴዛ ላይ ገልብጪው። በመዳፍሽ ጠፍጠፍ አድርገሽ እንደ ጋቢ እጠፊው፣ ደግመሽ ጠፍጥፊ፣ እጠፊ። ሦስቴ ወይ አራቴ። ከዚያ በላይ እጅሽ አይንካው። ሁለት ጣት የሚሆን ውፍረት ሲኖረው በብርጭቆ አፍ ቁረጪ። ብርጭቆውን ቀጥ አድርገሽ ተጭነሽ አንሺ እንጂ አታሽከርክሪው፣ ጠርዙ ይደፈናል። ትሪው ላይ ጎን ለጎን እንዲነካኩ ደርድሪያቸው፣ ተደጋግፈው ወደ ላይ ያድጋሉ። በ425 ፋራናይት፣ 220 ሴልሺየስ፣ ከ14 እስከ 16 ደቂቃ። አሥር ያህል ይወጣዋል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ድሮ ይህ ነገር የሚሠራው በአሳማ ስብ ነበር፣ ዛሬም በዚያ የሚሠሩ አሉ። ሥራ ቦታ ወይ ምግብ ቤት ከቀረበላችሁ ጠይቁ። ሱቅ ውስጥም ማሸጊያው ላይ «ላርድ» የሚል ካያችሁ እሱ ነው።

ስኳር ድንቹን ስትልጥ ባልደረባዬ ሁልጊዜ አንድ ሰው ታነሳለች፦ ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር። በባርነት ተወልዶ ሳይንቲስት የሆነ ሰው ነው። በፈረንጆቹ ከ1896 እስከሞተበት 1943 ድረስ አላባማ ውስጥ ቱስኬጊ በሚባል ኮሌጅ አስተማረ፤ ከኛ የሁለት ሰዓት መንገድ ቢሆን ነው። ጥጥ ያደከመውን መሬት ኦቾሎኒና ስኳር ድንች ዝሩበት እያለ ጥቁር ገበሬዎችን ይመክር ነበር። የዘሩትን እንዴት እንደሚበሉትም ጽፎ በነፃ ያድል ነበር። አያቷ ቤት ከነዚያ ወረቀቶች አንዱ ነበር ትላለች። እውነት ይሁን አይሁን እንጃ፣ ስታወራው ግን ደስ ትላለች።

ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ

እኛ ከባሕር ጠለል 1,600 ሜትር በላይ ላይ ስለሆንን በዚህ ልክ ብትሠሩት ቶሎ ይነፋና ይተኛል። ቤኪንግ ፓውደሩን ወደ ሁለት የሻይ ማንኪያ ዝቅ፣ አሬራውን አንድ ሁለት ማንኪያ ከፍ አድርጉ። አዲስ አበባ ለእናቴ ልሠራላት ብዬ እንደ አትላንታው አድርጌ ጉድ ሆኛለሁ።

ከፍራንክፈርት

ቡተርሚልሽ እዚህ በየሱቁ አለ፣ ርካሽ ነው። ዱቄቱ 405 የሚለው ይሁን። የባክፑልቨሩ (የቤኪንግ ፓውደሩ) ፓኬት አንዱ ለ500 ግራም ዱቄት ይበቃል ይላል፤ ለብስኪት ግን ለ250 ግራም አንዱን ሙሉ አድርጉ።

ከሪያድ

በቤቱ ሰዎች ኩሽና ነው የሞከርኩት። እዚህ አሬራ ፍለጋ መልፋት የለም፣ ለበን ሞልቷል። እሱን አደረግኩ፣ አሪፍ ወጣ። ማዳም «ከየት ተማርሽው?» አለችኝ። ከሐበሾች አልኳት። ውሸት ነው እንዴ?

ከነታንያ፣ እስራኤል

እኛ ጋ ስኳር ድንች «ባታታ» ነው። ራሱ የሚነሳውን ዱቄት «ቄማህ ቶፌያህ» ብላችሁ ጠይቁ። ለሰንበት እራት ከሥጋ ጋር የሚቀርብ ከሆነ ወተትና ቅቤ አይገባም። በማርጋሪንና በአኩሪ አተር ወተት ነው የምሠራው፣ ልጆቼ ልዩነቱን አላወቁትም።

ከክላርክስተን

እሷ ያነሳችው ለእኛም ይሆናል። የታንክስጊቪንግ (የአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል) ሐሙስ ብዙ ጊዜ የነቢያት ጾም ከገባ በኋላ ነው የሚውለው። ጾሙ ኅዳር 15 ይገባል፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 24 አካባቢ መሆኑ ነው። ሁሉም ቤት ቅቤ ሲቀልጥ እኛ ቁጭ ብለን ማየት የለብንም። በቅቤው ፈንታ ፍሪጅ ውስጥ የጠጠረ የኮኮናት ዘይት በዚያው ልክ አስገቡበት። ቤት ከሞቀ ይቀልጣልና ፈጠን በሉ። ወተቱ የአጃ ወይም የአኩሪ አተር ከሎሚ ጋር። ንብርብሩ ትንሽ ይቀንሳል እንጂ ይበላል። ጥሬውን ቆርጣችሁ ፍሪዘር ብታስቀምጡትም ይሆናል፤ ከበረዶው በቀጥታ ወደ ኦቭን፣ አራት አምስት ደቂቃ ጨምሩለት።

ከሜሪላንድ፣ አንዲት እናት

ልጄ፣ ስለ ብስኩቱ ብዙ ተባለ፣ ስለ ሳህኑ ማንም አልመለሰልሽም። ለሴትዮዋ የራሳቸውን ብስኩት ጋግረሽ መመለስ ምን ይባላል? እሳቸው ስልሳ ዓመት የጋገሩትን አንቺ ትናንት ተምረሽ! ድፎ ጋግሪላቸው። ጥቁር አዝሙድ ጣል አድርጊበት፣ ኮባ ባይኖር በመጋገሪያ ወረቀት ጠቅልይው። ያ ነው የሳህን መልስ። ብስኩቱን ለልጆችሽ አድርጊ።

ጠያቂዋ፣ ከጆርጂያ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ሁለቱንም ሠራሁ። ጠዋት ድፎውን አሸሁ፣ ከሰዓት ለብስኩቱ እጄን ሰበሰብኩ። ከባዱ ሁለተኛው ነው። ጓጉሎ ሳየው እጄ ይበላኝ ነበር፣ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ቆምኩ። ከአሥሩ አራቱ ዘመው ወጡ። ብርጭቆውን ልጄ ነበር የያዘው፣ ሲያሽከረክረው አላየሁም። የዘመሙትን እኛ በላን፣ ጣዕማቸው ያው ነው።

እማማ፣ እንዳሉት ሳህኑን በድፎ ሞልቼ ወሰድኩላቸው። ጥግ ላይ ሁለት ቀጥ ያሉ ብስኩቶች አስቀመጥኩ፣ አላስቻለኝም። ብስኩቱን ቀድመው አነሱ። ለሁለት ገለጡትና ውስጡን እያዩ «ማን አስተማረሽ?» አሉኝ። ኮረሪማውን ግን አላወቁትም፣ ሦስቴ አሸተቱት።

ዛሬ ጠዋት በር ተንኳኳ። ሳህኑ ተመልሶ መጣ፣ ጎመን በጎመን ሆኖ። ያ እኛ ለጎመን ወጥ የምንገዛው ኮላርድ ነው፣ እስኪሟሟ ተቀቅሏል፣ ሽታው የጭስ ሽታ አለው። ልጆቹ ማንኪያ ይዘው ቆመዋል። አሳማ ይኖርበት ይሆን? ሳላስቀይማቸው እንዴት ልጠይቃቸው?

ከክላርክስተን

ጭስ ከሸተተ በጭስ የታጠነ የአሳማ ቁርጭምጭሚት ወይም በጭስ የታጠነ ተርኪ (የቱርክ ዶሮ) ነው፣ በዓይን አይለይም። ልጆቹን አስቁሚና አሁኑኑ በር አንኳኪ። «በሃይማኖቴ አሳማ አልበላም» በያቸው፣ አይቀየሙም። የኔዋ ከነገርኳት ቀን ጀምሮ ለእኔ ብላ በተርኪ ነው የምትሠራው። ሳህኑን ግን እንዳትረሺው።