የደሴ ኢንተርኔት ቤት፦ ዩትዩብን ማፈን ወይስ መስመሩን እኩል ማካፈል?

ጦሳ፦
ሰላም ወገን። ደሴ ፒያሳ፣ ኢንተርኔት ቤት፣ 12 ኮምፒውተር፣ የ20 ሜጋ ፋይበር፣ ማይክሮቲክ ራውተር። አንዱ ትልቅ ፋይል ወደ ኢንተርኔት መጫን (አፕሎድ) ሲጀምር የሌላው የቪዲዮ ጥሪ ይቆራረጣል። ዩትዩብና ቲክቶክን ራውተሩ ላይ ማፈን ያዋጣል? የኢንተርኔት ገለልተኝነት የሚሉትንስ (ሁሉም ትራፊክ ያለ አድልዎ ይለፍ የሚለውን መርህ) መጣስ አይሆንም? ወይስ አቅራቢው ነው ሆን ብሎ የሚያንቀው?

ቦርከና፦
አብሽር፣ ዩትዩብን አትንካው። መጀመሪያ ፒንግ (መልእክት ደርሶ የሚመለስበትን ጊዜ) ለካ። መስመሩ ጭር ሲል 40 ሚሊሰከንድ የነበረው ፋይል ሲጫን 400 ከገባ፣ ጥፋቱ የወረፋ ነው። ሞደሙ ፓኬት (የዳታ ቁራጭ) ከመጣል ይልቅ ያጠራቅማል፤ ቲሲፒ (ፋይሉን የሚያጓጉዘው ደንብ) ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ካልተጣለበት ፍጥነቱን አይቀንስም፤ ጥሪው ከፋይሉ ኋላ ተሰልፎ ይቀራል።

ራውተር ኦኤስን (የማይክሮቲክን ሶፍትዌር) ወደ 7 አሳድግና የወረፋውን ዓይነት ኬክ (CAKE፣ መስመሩን በእኩል የሚያካፍል ዘዴ) አድርገው። ገደቡን ከለካኸው ፍጥነት 90 በመቶ ላይ አቁም፤ 20 የሚገባ ከሆነ 18። የመጫኛውን ለብቻው ለካ። ገደቡ ከመስመሩ ከበለጠ ወረፋው ተመልሶ ሞደሙ ውስጥ ይከማቻል። ሲወርድ በተቀባይ፣ ሲጫን በላኪ አድራሻ እንዲያካፍል አድርገህ የናት (ሁሉም ኮምፒውተር በአንድ አድራሻ የሚወጣበት አሠራር) አማራጩን አብራ፤ አለዚያ 12ቱም እንደ አንድ ደንበኛ ሊቆጠሩ ይችላሉ። ፋስትትራክ የሚባለውን የራውተሩን የማፍጠኛ አቋራጭ ግን አጥፋ! ትራፊኩ ወረፋውን ዘሎ ያልፋል፤ «ኬክ አልሠራልኝም» የሚለው ሰው አብዛኛው እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው።

ሐይቅ_ዳር፦
ሕጉን በተመለከተ፦ ገለልተኝነት የሚያስረው መስመር ሻጩን ነው። የአሜሪካው የቴሌኮም ተቆጣጣሪ ኤፍሲሲ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ደንብ እንኳ ካፌዎችን አልነካም። ደንቡ በ2017 ተሻረ፣ በ2024 ተመለሰ፣ በጥር 2025 ደግሞ ፍርድ ቤት ጣለው። ለእኛ የሚቀርበው የሕንዱ ነው፤ ተቆጣጣሪው በ2016 በይዘት እየለዩ ዋጋ መለያየትን ከልክሎ የፌስቡክን ነፃ አገልግሎት አስቆመ። ለአንድ አፕ ብቻ የሚሸጥ ጥቅል የሚያስነሳው ጥያቄ ይኸው ነው። ቦርከና ያለው በአፕ ሳያዳላ ለሰው ሁሉ እኩል ስለሚያካፍል ንጹሕ ነው።

አቅራቢውን ከጠረጠርክ ያንኑ ቪዲዮ በዚያው ሰዓት በቪፒኤንም ያለ ቪፒኤንም ሞክር። በቪፒኤን ደጋግሞ ከፈጠነ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ ቪፒኤን መንገዱንም ስለሚቀይር ግን አንድ ሙከራ ማስረጃ አይሆንም።

ወልድያ፦
ፍትሐዊ ወረፋ መስመር አያሰፋም። 12ቱም ማታ ቪዲዮ ከከፈቱ ለእያንዳንዱ ከ18ቱ 1.5 ሜጋ ነው የሚደርሰው፤ ለ480 የቪዲዮ ጥራት ይበቃል፣ ለ1080 አይበቃም። የዊንዶውስ አፕዴትን ከሥራ ሰዓት ውጪ አድርገው። ከዚያም ካልበቃ መስመሩን ማሳደግ ነው።