የባህር ዳርና የዙሪያዋ የምርጫ ውጤት ታሪክ፦ ሰንጠረዡ አልገጥም አለኝ

ሽምብጥ77 (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የባህር ዳር ከተማንና የዙሪያዋን የተወካዮች ምክር ቤት ምርጫ ውጤት ከ1987 እስከ 2013 በአንድ ሰንጠረዥ ለማሰናዳት እየሞከርኩ ነው። በተለይ የሚያስፈልገኝ ዳር ዳሩ ነው፤ ዘንዘልማ፣ መሸንቲ፣ ጢስ አባይ፣ ዘጌ። የማይገጥሙልኝ ነገሮች አሉ። አንድ ሰነድ «የ2005 ምርጫ» ይልና ብዙ የተቃዋሚ ድምፅ ያሳያል፤ ሌላው ደግሞ እሱኑ «የ2005 ምርጫ» ብሎ ገዢው ፓርቲ ጠቅልሎ እንደወሰደው ይጽፋል። የአንዳንድ ምርጫ ጣቢያ የእጩዎች ድምፅ ሲደመር ደግሞ ፈርመው ከመረጡት ሰዎች ወደ እጥፍ ይጠጋል። ይሄ ማጭበርበር ነው? ቀበሌዎቹም ስማቸው እየተቀያየረ የቱ ከየቱ ጋር እንደሚያያዝ ግራ ገባኝ። የሕዝብ ቁጥሩንስ ከየትኛው ቆጠራ ልውሰድ?

መዝገብ ቤት

ከዓመቱ ጀምር፤ አብዛኛው መዘባረቅ የሚመጣው ከዚያ ነው። አጠቃላይ ምርጫ የተካሄደባቸው ቀኖች በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 29 ቀን 1987፣ ግንቦት 6 ቀን 1992፣ ግንቦት 7 ቀን 1997፣ ግንቦት 15 ቀን 2002፣ ግንቦት 16 ቀን 2007 እና ሰኔ 14 ቀን 2013 ናቸው። በፈረንጆቹ 1995፣ 2000፣ 2005፣ 2010፣ 2015 እና 2021 ይሆናሉ።

አሁን ችግሩን ተመልከት። በእኛ 2000 ሚያዝያ ላይ የአካባቢ ምርጫ ነበር፤ በፈረንጅ 2000 ደግሞ የ1992ቱ አጠቃላይ ምርጫ አለ። በእኛ 2005 ሚያዝያ ላይም የአካባቢ ምርጫ ነበር፤ በፈረንጅ 2005 የተባለው የ1997ቱ ነው። ሁለቱ ሰነዶችህ የተጣሉት ስለ ሁለት የተለያዩ ምርጫዎች ስለሚናገሩ ነው። ተቃዋሚ የበዛበት የ1997ቱ ነው። የ2005ቱን የአካባቢ ምርጫ ብዙ ተቃዋሚ ፓርቲዎች አልገቡበትም፤ የተመረጡትም የቀበሌ፣ የወረዳና የከተማ ምክር ቤቶች ስለሆኑ አንተ ለምትሠራው ሰንጠረዥ ጭራሽ አይሆኑም።

በጣም የሚያሳስተው ግን 2007 ነው። «የ2007 ምርጫ» የእኛ ነው። «የ2007 ቆጠራ» እየተባለ የሚጠቀሰው የሕዝብ ቆጠራ ደግሞ የፈረንጅ ነው፤ የተካሄደው ግንቦት 1999 ላይ ነው። በመካከላቸው 8 ዓመት ገደማ አለ። «በምርጫው ዓመት የነበረው ሕዝብ» ብሎ የቆጠራውን ቁጥር ከ2007 ምርጫ ጎን የሚያስቀምጥ ሰው አይጠፋም። በሰንጠረዥህ ለዓመት ሁለት ዓምድ አድርግ፣ አንዱ ዓ.ም. ሌላው እ.ኤ.አ.፤ ቀኑንም ሙሉ ጻፍ። ወሩና ቀኑ ካለ ስህተቱ ራሱን ያጋልጣል።

ፔዳ ማዶ

ስለ እጥፉ ድምፅ፦ ማጭበርበር ከማለትህ በፊት የያዝከው ወረቀት የየትኛው ምክር ቤት እንደሆነ ተመልከት። በአጠቃላይ ምርጫ ቀን መራጩ ሁለት የድምፅ መስጫ ወረቀት ይቀበላል፤ አንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት፣ አንዱ ለክልል ምክር ቤት። ለተወካዮች ምክር ቤት በአንድ የምርጫ ክልል አንድ ሰው ብቻ ነው የሚመረጠው፤ መራጩም አንድ ምልክት ነው የሚያደርገው። ለክልል ምክር ቤት ግን በዚያው የምርጫ ክልል ከአንድ በላይ ወንበር ሊኖር ይችላል፤ መራጩም በወንበሮቹ ልክ ምልክት ያደርጋል። አማራ ክልል ለተወካዮች ምክር ቤት 138 ወንበር አለው፣ ክልል ምክር ቤቱ ደግሞ 294። በአማካይ ለአንድ የምርጫ ክልል ከሁለት ትንሽ ያልፋል ማለት ነው።

እንበል 900 ሰው መረጠ፣ የክልል ምክር ቤቱ ወንበር 2 ነው። የእጩዎቹ ድምፅ ድምር እስከ 1,800 ሊደርስ ይችላል። ሁሉም ሁለት ምልክት ስለማያደርግ አብዛኛውን ጊዜ 1,650 ወይም 1,700 አካባቢ ሆኖ ታገኘዋለህ፤ «ወደ እጥፍ ይጠጋል» ያልከውም ለዚህ ይመስለኛል። የተወካዮች ምክር ቤት ወረቀት ላይ ይህን ካየህ ግን ያኔ በእርግጥ ችግር አለ።

ለእያንዳንዱ ጣቢያ ሁለት ነገር አመሳክር። ጣቢያው የተረከበው የድምፅ መስጫ ወረቀት ብዛት = ሳጥን ውስጥ የተገኘው + የተበላሸው + ያልተሠራበት። ሳጥን ውስጥ የተገኘው = ለእጩዎች የተቆጠረው + ዋጋ አልባ ድምፅ (ይህ ሁለተኛው ለተወካዮች ምክር ቤት ብቻ ነው የሚሠራው)። የተበላሸና ዋጋ አልባ የተለያዩ ናቸው። የተበላሸ ማለት መራጩ ተሳስቶ መልሶ ሌላ የተቀየረለት፣ ሳጥን ያልገባ ወረቀት ነው። ዋጋ አልባው ሳጥን ገብቶ በቆጠራ ጊዜ የወደቀ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የደመረ ሰው የተሳትፎ መቶኛው ይጣመምበታል። ተሳትፎ የሚሰላው ደግሞ ድምፅ የሰጡት ለተመዘገቡት ተካፍለው ነው፣ ለነዋሪው ቁጥር አይደለም።

የአባይ ድልድይ

ወደ መሬቱ እንምጣ። የምርጫ ክልል ከከተማ አስተዳደር ጋር አንድ ነው ብለህ አትነሳ። ዘንዘልማ (ከአባይ ማዶ፣ በጎንደር መንገድ)፣ መሸንቲ (በአዲስ አበባ መውጫ)፣ ጢስ አባይና ዘጌ ዛሬ በባህር ዳር ከተማ አስተዳደር ሥር ያሉ ሳተላይት ከተሞች ናቸው። የባህር ዳር ዙሪያ ወረዳ ደግሞ ከተማዋን ከቦ ያለ ራሱን የቻለ ወረዳ ነው። አስተዳደር ቀበሌ ሲወስድና ሲመልስ የምርጫ ክልሉ ወሰን አብሮ አይንቀሳቀስም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103(5) እንዳስቀመጠው የምርጫ ክልል አከላለል የሚሠራው በየ10 ዓመቱ በሚካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ረቂቁን ምርጫ ቦርድ ያቀርባል፣ የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። የመጨረሻው ቆጠራ የ1999ኙ ሆኖ ቀርቷል፤ ቀጣዩ እየተላለፈ እዚህ ደርሰናል። የወንበሩ ብዛትም ያው 547 ነው። ስለዚህ «ዘንዘልማ የከተማው ነው» የሚል የዛሬ ካርታ ይዘህ የ1997ን ድምፅ ለከተማው ብትሰጥ ልትሳሳት ትችላለህ። የቀበሌውን ስም በዚያው ዓመት የምርጫ ጣቢያዎች ዝርዝር ውስጥ ፈልግና በየትኛው የምርጫ ክልል ሥር እንደተጻፈ እይ። ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

የስም ወጥመዱ ከተማው ውስጥም አለ። መጀመሪያ ቀበሌዎቹ በቁጥር ነበሩ፣ እስከ 17። ከዚያ ተዋህደው ሽምብጥ፣ ሹም አቦ፣ ሰፈነ ሰላም፣ ኅዳር 11፣ ግንቦት 20፣ በላይ ዘለቀ፣ ግሽ አባይ፣ ፋሲሎ፣ ጣና ተባሉ። አሁን ደግሞ በላይ ዘለቀ፣ ግሽ አባይ፣ ፋሲሎና ጣና የክፍለ ከተማ ስም ናቸው፣ ከአፄ ቴዎድሮስና ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር። «ፋሲሎ» የሚል ሁለት ወረቀት አግኝተህ አንዱን በአንዱ ላይ ብትቀንስ የምታገኘው ትርጉም የሌለው ቁጥር ነው። በየጣቢያው ደረጃ ማነጻጸር ከፈለግህ በቀበሌ ስም ሳይሆን ጣቢያው በተቀመጠበት ቦታ (ትምህርት ቤት፣ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት) አገናኝ። እሱም ቢሆን ጣቢያዎች ስለሚከፈሉ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በ2013 የአንድ ጣቢያ ጣሪያ 1,500 መራጭ ነበር፣ በ2002 ግን 1,000።

ለሕዝብ ቁጥር የ1999ን ቆጠራ ውሰድ። የባህር ዳር ልዩ ዞን 221,991፣ ከዚህ ውስጥ ዋናው ከተማ 155,428፤ የባህር ዳር ዙሪያ ወረዳ 182,730። የክልሉን 17,221,976 ሕዝብ ለ138 ብታካፍለው ለአንድ ወንበር ወደ 124,800 ይደርሳል። የዙሪያው ወረዳ ሕዝብ ያኔውኑ ከአንድ ወንበር አማካይ በላይ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የተሠራው ቤት ሁሉ አልተቆጠረም። የዳርቻ ሰው ድምፅ ከሌላው ቀለል ይላል የሚባለው በዚህ ነው። ያለ ቆጠራ የሚስተካከልበት መንገድ የለም።

ሽምብጥ77

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ገለጣችሁልኝ። ወሰኑ እንዲህ ካስቸገረ ከተማውንና ዙሪያውን ደምሬ እንደ አንድ ብይዘውስ? ለ2002 እና ለ2007ስ የየጣቢያው ወረቀት ከሌለ አሸናፊውን በምን ላረጋግጥ?

መዝገብ ቤት

መደመር ለሕዝብ ቁጥርና ለተሳትፎ ይሆናል። ለአሸናፊ አይሆንም። የእኛ ሥርዓት በየምርጫ ክልሉ አንደኛ የወጣ ይወስዳል ነው፤ ሁለት የምርጫ ክልል ስትደምር ማን ወንበሩን እንደወሰደ ይጠፋብሃል። በአንዱ 30,000 ለ20,000 ያሸነፈ፣ በሌላው 24,000 ለ25,000 የተሸነፈ ፓርቲ በድምሩ 54,000 ለ45,000 ብልጫ ያሳያል፤ ወንበሩ ግን አንድ ለአንድ ነው። (ቁጥሩ ለማሳያ ነው።)

አሸናፊውን በተመለከተ 2002 እና 2007 ቀላል ናቸው። በ2002 ኢህአዴግና አጋሮቹ ያላገኙት 2 ወንበር ብቻ ነው፤ አንዱ አዲስ አበባ ለመድረክ፣ ሌላው ቦንጋ ለግል ተወዳዳሪ። በ2007 ደግሞ 547ቱንም ወስደዋል። ስለዚህ የአማራ ክልል 138 ወንበሮች በሁለቱም ጊዜ በሙሉ የኢህአዴግ ናቸው፣ የዙሪያውም የከተማውም። በእነዚህ ዓመታት መመርመር የሚገባው የድምፁ መጠንና ዋጋ አልባው ድምፅ ነው።

1997 እና 2013 ግን በዚህ መንገድ አይገኙም። በ1997 የአማራ ክልል ምክር ቤት 188 ለኢህአዴግ፣ 106 ለቅንጅት ነው የተከፈለው፤ በአገር ደረጃ ኢህአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52። በ2013 የመጀመሪያው ይፋ ውጤት ከ436 ወንበር ብልጽግና 410፣ አብን 5፣ ኢዜማ 4 ነበር። አብን የተመሠረተው እዚሁ ባህር ዳር ሰኔ 2010 ላይ ነውና «ከተማው የእሱ ነው» ብሎ መገመት ይቀናል፤ አትገምት፣ ቦርዱ በምርጫ ክልል ዘርዝሮ ያወጣውን ተመልከት። የ1997ን ስትሠራ ደግሞ ነሐሴ ላይ በተወሰኑ ቦታዎች ድጋሚ ምርጫ እንደነበር አትርሳ፤ የግንቦት ቁጥርና የመጨረሻው ቁጥር የማይገጥሙባቸው ሰነዶች አሉ።

ጣና ዳር

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለ ፓርቲ ዓምድ። ብአዴን (በአማራ ክልል የኢህአዴግ አባል ድርጅት የነበረው) መስከረም 2011 ላይ አዴፓ ሆነ፣ በ2012 ብልጽግና ውስጥ ገባ። ሰንጠረዥ ላይ ሦስት ፓርቲ አድርገህ ካስቀመጥክ ግራፉ ላይ «ወደቀ፣ ተነሳ» የሚል የሌለ ታሪክ ይሠራልሃል። በአንድ መስመር አስቀምጥና የወቅቱን ስም በጎን ጻፍ። ቅንጅት ደግሞ የአራት ፓርቲዎች ጥምረት ነው፤ መኢአድ፣ ኢዴፓ-መድኅን፣ ቀስተ ደመናና ኢዴሊ። በ1992 ከእነዚህ አንዱን ብታገኝ የ1997ቱ ቅንጅት ቀጥተኛ አባት አድርገህ አትያያዘው። የድሮ ወረቀት ላይ የፓርቲው ስም ደብዝዞ ምልክቱ ብቻ ከተነበበ ንብ የኢህአዴግ፣ አምፖል የብልጽግና ነው።

ፔዳ ማዶ

ስለ ወረቀቱም፦ ውጤቱ ተቆጥሮ ሲያልቅ የጣቢያው አስፈጻሚዎችና የእጩ ወኪሎች ፈርመውበት በጣቢያው ደጃፍ ይለጠፋል። ለታሪክ ሥራ ይህ ልጥፍ ከማንም ድምር ይበልጣል፤ ግን ዕድሜው አጭር ነው። የ2013ቱ ምርጫ በሰኔ ነበርና ባህር ዳር ክረምቱ ገብቶ ነበር፤ ከቤት ውጭ የተለጠፈ ወረቀት አይዘልቅም። ስለዚህ የፓርቲ ወኪሎች የያዙትን ቅጂ ጠይቅ፤ ቢያንስ የሁለት ተቀናቃኝ ፓርቲ ቅጂ አመሳክር። ፊርማው የጎደለ ወይም ቁጥሩ ተሰርዞ በላዩ የተጻፈ ከሆነ በጎን ምልክት አድርግበት፣ ከድምሩ ግን አታውጣው። የካምፓስና የተፈናቃዮች ልዩ ጣቢያዎች ካጋጠሙህ ለብቻ ረድፍ ስጣቸው፣ ከሰፈሩ ጣቢያ ጋር አትቀላቅላቸው።

በ2013 ድምፅ መስጫው እስከ ማታ 3 ሰዓት ስለተራዘመ ቆጠራው ሌሊት ነው የተካሄደው፤ የድምር ስህተት የበዛባቸውን ወረቀቶች መጀመሪያ ከትልልቆቹ ጣቢያዎች፣ 1,000ን ካለፉት፣ ፈልግ።