ዎከር ማለት ብዙ የሚሄድ ሰው ነው እንዴ?

ከሊድስ

ሰላም ወገኖቼ። 9 ዓመት የሞላው ልጄ «የቤተሰብ ስማችሁን ታሪክ ጠይቃችሁ ኑ» ተብሎ ከትምህርት ቤት መጣ። የእኛን ቤት ነገር ታውቁታላችሁ፤ የልጁ ሁለተኛ ስም የአባቱ፣ የአባቱ የአያቱ፣ የእኔ ደግሞ የአባቴ ነው። ትምህርት ቤቱ «ሚስስ ተስፋዬ» ይለኛል። ተስፋዬ ባሌ ነው እንጂ አባቴ አይደለም ብዬ ብዬ ደከመኝና ተውኩት። ልጁ ታዲያ ትናንት «የእኛ ስም ለምንድነው በየሰዉ የሚቀያየረው? የእነሱ እኮ ከጥንት ጀምሮ አንድ ነው» አለኝ። መልስ አጣሁ።

አስተማሪው ሚስተር ዎከር ይባላሉ፤ ወላጆቻቸው ከጃማይካ የመጡ ናቸው። ልጄ «የአስተማሪዬ ቅድመ አያት በእግሩ ብዙ የሚሄድ ሰው ነበር» ብሎ ጽፏል። ልክ ነው? እስከ ነገ ማታ ጊዜ አለን።

ከሀደርስፊልድ

እህቴ፣ ልጅሽ እግሩን አግኝቶታል፤ መንገዱን ነው የሳተው። ዎከር ድሮ የሱፍ ጨርቅ በእግሩ እየረገጠ የሚያጠብቅ ሠራተኛ ነበር።

የሱፍ ጨርቅ ከሸማኔው እጅ ሲወጣ ሳሳ ያለና ቅባታም ነው፤ ብርድም ያስገባል። ስለዚህ ገንዳ ውስጥ ይዘፈዘፍና ቅባት የሚመጥ አፈር ይጨመርበታል። የቆየ ሽንትም ይጨመርበት ነበር (ይህን ለክፍሉ ሲያነብ ጭብጨባ እንደሚያገኝ እኔ ዋስ ነኝ)። ከዚያ ሰው ገብቶ ለሰዓታት ይረግጠዋል። ጨርቁ እየጠበበ፣ እየወፈረ፣ ክሩ እርስ በርሱ እየተያያዘ ይሄዳል። የመንዝ ባና ለብሶ ያደገ ሰው ውፍረቱን መገመት አያቅተውም። የጥንቱ የእንግሊዝኛ ግስ ማገላበጥ፣ ማንከባለል እንደ ማለት ነበር፤ ዛሬ «መሄድ» የምንልበት «ዎክ» የሚለው ቃል የወጣውም ከዚያው ሥር ስለሆነ ልጁ ብዙ አልራቀም።

ደስ የሚለው ነገር፣ ይኸው ሙያ በየአገሩ ሌላ ስም ነበረው። እዚህ ሰሜን ውስጥ ዎከር፣ በደቡብና በምሥራቅ ፉለር፣ በደቡብ ምዕራብ በዴቨንና በሶመርሴት በኩል ደግሞ ታከር ይባል ነበር። የኤክሰተር ከተማ ባለሙያዎች በ1471 የሠሩት አዳራሽ ዛሬም ቆሞ «የታከሮች አዳራሽ» ይባላል። የ1881ን የሕዝብ ቆጠራ በካርታ ላይ ብታዪው ሦስቱ ስሞች አሁንም በየአገራቸው ተሰብስበው ነው የምታገኛቸው። ፉለርን አንቺም ታውቂዋለሽ። የደብረ ታቦርን ታሪክ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ስታነቢ፣ የጌታን ልብስ ያህል ማንጣት በምድር ላይ የማይችለው «አጣቢ» አለ አይደል? በ1611ዱ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ያ ሰው ፉለር ነው።

አሁን ወደ «ከጥንት ጀምሮ» እንምጣ። ከ1066ቱ የኖርማኖች ወረራ በፊት አብዛኛው እንግሊዛዊ አንድ ስም ብቻ ነበረው። መንደሩ ውስጥ አምስት ጆን ሲኖር ጎረቤት «ጨርቅ ረጋጩ ጆን»፣ «የሮበርት ልጅ ጆን» እያለ ይለይ ነበር። ልጁ ዳቦ ጋጋሪ ከሆነ ቤከር ይባላል፤ የአባቱ ዎከርነት እዚያው ይቀራል። ስሙ ከአባት ወደ ልጅ መውረድ የጀመረው መጀመሪያ በባለ ርስቶቹ ዘንድ ነው፤ ወደ ተራው ሕዝብ ለመድረስ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ፈጅቶበታል። የ1379ኙ የነፍስ ወከፍ ግብር መዝገብ ለዚህ ለዌስት ራይዲንግ፣ ሊድስና ሀደርስፊልድ ለሚገኙበት ለድሮው አውራጃ፣ ተርፎልናል፤ ከ16 ዓመት በላይ የሆነ ግብር ከፋይ በስሙ ሰፍሯል። (በዚሁ ዓይነት ግብር ምክንያት በ1381 ያመፀው ገበሬ መሪው ዋት ታይለር ነበር፤ ታይለር ጣራ በሸክላ የሚከድን ማለት ነው።) ስሙ መወረስ ሲጀምር ደግሞ እግር ሥራውን እየለቀቀ ነበር። ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ውሃ የሚያዞረው መዶሻ እየተካው ሄዷል። ስንቱ ዎከር አንድ ቀን ጨርቅ ሳይረግጥ ዎከር ተባለ!

እኔን የሚገርመኝ ግን ስሚዝ ነው። በእንግሊዝ ከሁሉ የበዛው ስም ቀጥቃጭ ማለት ነው። እኛ አገር ቀጥቃጭ መባል ስድብ ሆኖ አጤ ምኒልክ በአዋጅ እስኪከለክሉ ደርሷል። አባቴ ሸማኔ ነበር፤ በሙያው ልጠራ ቢባል በልጅነቴ ቤቱን ጥዬ እጠፋ ነበር።

ስለ ሚስተር ዎከር አንድ ነገር ልጨምር። ወደ ጃማይካ የሄደው የእንግሊዝ ስም ከባርነት ጋር ነው የሄደው። በባርነት የተያዘ ሰው በባለቤቱ መዝገብ ላይ ብዙውን ጊዜ በአንድ ስም ብቻ ይሰፍር ነበር። ሁለተኛው ስም የመጣው ክርስትና ሲነሳ ወይም ከ1834 እስከ 1838 ነፃነቱ ሲታወጅ ነው፤ የብዙዎቹ ስም የጌቶቻቸው ነበር። ስለዚህ ልጁ «የአስተማሪዬ ቅድመ አያት» የሚለውን ይሰርዝና ስለ ስሙ ብቻ ይጻፍ። የቀረውን መምህሩ ከእኛ በላይ ያውቁታል፤ ሊናገሩት ከፈለጉ ራሳቸው ይናገሩት።

ከካርዲፍ

እህት ዓለም፣ ልጁን ወደ እኛ ወደ ዌልስ አምጪው። እዚህ ስም እንደኛው በየትውልዱ ይቀያየር ነበር። «አፕ» ልጅ ማለት ነው፤ አፕ ሪስ የሪስ ልጅ ነው። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ የእንግሊዝ ሕግና ጽሕፈት ሲበረታ «አፕ» ከአባት ስም ጋር ተጣበቀና አፕ ሪስ ፕራይስ፣ አፕ ሃወል ፓወል፣ አፕ ሂው ፒው ሆኖ ቀረ። ጋሼ ስለ መዶሻው ያሉትም እዚህ አለ፤ ቶኒፓንዲ የምትባለው ከተማ ስሟ ጨርቅ ከሚጠበቅበት ወፍጮ የመጣ ነው።

ለወላጆች ደግሞ፦ እዚህም እንግሊዝም ልጅ በተወለደ በ42 ቀን ውስጥ ሲመዘገብ የቤተሰብ ስሙን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። እኛ ለሁለቱም ልጆች የባሌን አባት ስም ሰጠን፤ ወረቀቱ ቀለለ። አማቴ ግን ልጆቹን ሲጠሩ አሁንም የልጃቸውን ስም ነው የሚያስከትሉት። ስማችሁ ከልጃችሁ የሚለይ እናቶች ስትጓዙ የልደት ሰርተፍኬቱን ከቦርሳችሁ አታውጡ።

ከሊድስ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንቺም እህቴ። ጽሑፉን አስተካክሎ ወስዷል፤ ሽንቱን አልተወም። ትናንት ማታ ግን እኔ ወጥ ላይ ሳለሁ መታጠቢያ ገንዳውን በሙቅ ውሃና በሳሙና ሞልቶ የአባቱን የሱፍ ሹራብ ለአንድ ሰዓት ያህል ሲረግጥ ቆየ። ሹራቡ አሁን ለልጁ ልኩ ነው።