የሦስት ወር ኪራይ ተጠራቀመብን፣ ወኪሉ ደግሞ መብራት ቆረጠብን፤ ምን ይሻለናል? (ደብረ ብርሃን)

የጠባሴዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ተከራይተን ነው የምንኖረው። ባለቤቴ በደብረ ሲና መስመር ሚኒባስ ይነዳል። መንገዱ አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል፣ ሲዘጋ ደግሞ ገቢ የሚባል ነገር የለም፣ ሹፌር እንደሆነ ካልሠራ የሚከፍለው የለም። እኔ እንጀራ ጋግሬ ለምግብ ቤቶች አስረክባለሁ። በሷ ልጆቻችንን እናበላለን፤ ኪራዩ ግን ከጥቅምት ጀምሮ ተጠራቀመ። ወሩ 4,500 ነው። የጥቅምት፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሲደመር 13,500 ብር። ዕዳው አለብን፣ አንክድም፣ መክፈልም እንፈልጋለን።

የቤቱ ባለቤት ውጭ አገር ናት። በዓይናችን አይተናት አናውቅም። ያከራየን የሰፈሩ ደላላ ነው፤ "ወኪሏ ነኝ" ይላል፣ ውሉ ላይም አከራይ በሚለው ቦታ የፈረመው እሱ ነው። ውሉ የአንድ ዓመት ነው፣ ግንቦት ላይ ያልቃል። ኪራዩን የምናስገባው በሱ አካውንት ነው። ደረሰኝ የሚባል ነገር ሰጥቶን አያውቅም።

ኅዳር ላይ ባለቤቴ ሄዶ "ግማሹን ልስጥህ፣ የቀረውን መንገድ ሲከፈት እሞላለሁ" ቢለው "እኔ ቁርጥራጭ አልቀበልም" አለው። ከዚያ በቀን 100 ብር ቅጣት ጣለብን። ሰሞኑን ደግሞ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት በበራችን ሥር አስገብቶ ሄደ። ቀን የለው፣ ማህተም የለው። "በሦስት ቀን ውስጥ ካልለቀቃችሁ ዕቃችሁን መንገድ ላይ አወጣለሁ" ይላል። ትናንት መጣና ከቆጣሪው ወደኛ የሚሄደውን ፊውዝ ነቅሎ ኪሱ ከቶት ሄደ። እኔ ሊጡን አቡክቼ ልጋግር ስል ምጣዱ ቀዘቀዘ። ጎረቤት ማድ ቤቷን ለቃልኝ በእንጨት ጋገርኩት እንጂ የዚያን ቀን እንጀራ ሁሉ መደፋቱ ነበር። ግን ንገሩኝ እስቲ፣ ምጣዴን አጥፍቶ በምን ሠርቼ ነው የምከፍለው?

ውሉ ላይ "ኪራዩ ከ5 ቀን በላይ ከዘገየ ተከራይ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይለቃል" የሚል አለ። ስለዚህ ሊያስወጣን ይችላል ማለት ነው? ቅጣቱስ?

ሸዌው

እህቴ መጀመሪያ ፖሊስ ጋ ሂጂና ፊውዙን መንቀሉን አስመዝግቢ። ነገ "እኔ አልነካሁም" ይላል። ከዚያ ሽማግሌ ላኩበት። እንዲህ ያለው ሰው ከሕግ ይልቅ የሰፈር ሰው ይፈራል፣ ሥራው ስሙ ነውና።

አከራይ ነኝ

እኔ ደግሞ በሌላው ወገን ያለሁ ሰው ነኝ፤ እዚያው ደብረ ብርሃን ሦስት ክፍል አከራያለሁ። ሦስት ወር ቀላል አይደለም። ተከራይ "ነገ፣ ነገ" እያለ ስድስት ወር አድርሶ በሌሊት ዕቃውን ጭኖ የጠፋብኝ አለ። ወኪሉም ባለቤቷ በየወሩ "ብሩስ?" እያለች ነዝንዛው ይሆናል።

ግን መብራት መንቀል ነውር ነው። እንጀራ ጋግሮ የሚያድር ሰው ላይ ደግሞ ጅልነትም ነው፣ የራሱን ገንዘብ ምንጭ ነው ያደረቀው። እኔ ብሆን የምፈልገው ነገር ቢኖር ተከራዩ ራሱ መጥቶ በወረቀት "በዚህ ቀን ይህን ያህል፣ በዚያ ቀን ያን ያህል" ብሎ እንዲፈርምልኝ ነው። በቃል የሚባለውን "መንገድ ሲከፈት" አልቀበልም። መንገዱ መቼ እንደሚከፈት ማን ያውቃል?

ሕግ የጨረስኩ

የጠባሴዋ፣ ተረጋጊ። በሦስት ቀን ማንም አያስወጣችሁም።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2952 ስለዚህ ጉዳይ ነው የሚያወራው። ተከራይ ኪራይ ሲያዘገይ አከራይ "በዚህ ጊዜ ውስጥ ካልከፈልክ ውሉ ይቋረጣል" ብሎ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ውሉ የአንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የሚሰጠው ጊዜ ከ30 ቀን ማነስ የለበትም፤ ከዓመት ካነሰ ደግሞ 15 ቀን። ያንቺ የአንድ ዓመት ስለሆነ 30 ነው። ውሉ ላይ የጻፈው "ያለ ማስጠንቀቂያ ይለቃል" የሚለው ደግሞ እዚያው አንቀጽ ውስጥ ዋጋ የለውም ተብሏል፣ ብትፈርሙበትም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከከፈላችሁ ውሉ ይቀጥላል። ካልከፈላችሁና አልለቅም ካላችሁ ደግሞ መንገዱ ፍርድ ቤት ነው እንጂ ዕቃ አውጥቶ መወርወር አይደለም።

ፊውዙን በተመለከተ፣ በይዞታ ላይ ሁከት መፍጠር ነው። አንቀጽ 1149። "ሁከት ይወገድልኝ" ተብሎ ወረዳ ፍርድ ቤት ይከሰሳል፣ ድርጊቱ ከተፈጸመ ሁለት ዓመት ሳያልፍ። የዳኝነት ክፍያ የመክፈል አቅም ከሌለሽ በድህነት ለመክሰስ ማመልከት ይቻላል። ዕዳ ቢኖርብሽም መብራትሽን ሊነካ አይችልም፤ ሁለቱ አይገናኙም።

ቅጣቱ ውሉ ላይ ተጽፏል? ካልተጻፈ ከየት አመጣው? ሕጉ ለዘገየ ገንዘብ የሚያውቀው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው። አስቢው፤ ሙሉው 13,500 ለአንድ ወር ቢዘገይ ወለዱ 101 ብር አካባቢ ነው። እሱ የወር ያህሉን በአንድ ቀን ነው የሚቆጥረው።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፣ ደስ ባይልሽም። "ቁርጥራጭ አልቀበልም" ማለት ይችላል። ገንዘብ ጠያቂ ከፊል ክፍያ የመቀበል ግዴታ የለበትም። ስለዚህ ቀስ በቀስ ለመክፈል በጽሑፍ መስማማት አለባችሁ፣ አከራዩ ያለው ልክ ነው።

ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው። ይህ ሰው ውክልና አለው?

የጠባሴዋ

እግዚአብሔር ይስጥህ ወንድሜ። ቅጣቱ ውሉ ላይ የለም፣ አሁን ደግሜ አየሁት። ውክልናውን አላየንም። "ሁሉ ነገር በኔ ነው" ስላለ አመንነው፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ሰው ነው።

ሕግ የጨረስኩ

ውክልናውን አሳየን በሉት። በጨዋነት። "ደላላ ነህ፣ አያገባህም" ብላችሁ አትጣሉት፣ ምክንያቱም ጠቅላላ ውክልና እንኳ ካለው እስከ ሦስት ዓመት ማከራየትም ኪራይ መሰብሰብም ይችላል (አንቀጽ 2204)። ከሌለው ግን ሌላ ነገር ነው። ክፍያ የሚጸናው ለባለገንዘቡ ወይም እሱ ሥልጣን ለሰጠው ሰው ሲከፈል ነው፤ 1741። ማለትም ከዚህ በኋላ ለሱ የምታስገቡት ነገ "አልደረሰኝም" ልትባሉበት የምትችሉት ገንዘብ ነው። ያለፈውን ሁሉ ያስገባችሁበትን የባንክ መልእክት ስክሪንሾት አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ስልኩ ቢጠፋ ባንኩ ስቴትመንት ያወጣላችኋል።

ከሸዋ ሮቢት

እኛም እዚህ ሸዋ ሮቢት አንድ እንዲህ ያለ ገጥሞን ነበር። የቤቱ ባለቤት አረብ አገር ናት፣ ደላላው እንደ ንጉሥ። ስልኳን ስንጠይቀው "እሷን አታስቸግሯት፣ ሥራ ላይ ናት" ይለናል። ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ዘመድ የሌለው ሰው የለም! እናቷ ዕድር ውስጥ ነበሩ። ባለቤቴ ለቅሶ ላይ አግኝቷቸው ሁለት ቃል አወራቸው፣ በማግስቱ ልጅየዋ ራሷ ደወለች። ጠባሴ ትንሽ ናት፣ አንቺም ቤቱ የማን እንደነበር አሮጊቶቹን ጠይቂ።

ታዛቢ

አዲሱ የኪራይ አዋጅ አለ አይደል እንዴ? በሱ መሠረት ውል ቢያንስ ሁለት ዓመት ነው፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም፣ ውልም ይመዘገባል። ለምን እሱን አትጠቅሱም፣ የ1952ቱን ሕግ ታራግፋላችሁ?

ሕግ የጨረስኩ

ታዛቢ፣ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ማለትህ ነው። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ይሠራል፤ በክልሎች ግን ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ነው። የጠባሴዋ ከተማ አስተዳደሩ የቤቶች ጽሕፈት ቤት ገብታ "የኪራይ ውል ትመዘግባላችሁ?" ብላ ትጠይቅ። አዎ ካሏት አዋጁ ይቀድማል፤ ስለ መዘግየትና ስለ ማቋረጥም የራሱ ደንብ ስላለው የኔን 30 ቀን ይዛ አትከራከር። አዋጁ ለተከራይ ብቻ የወጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፣ ኪራይ በማይከፍል ላይም ጥርስ አለው። ክፍያ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይሁን ማለቱ ግን ለሷ ጥሩ ነው፣ ማስረጃ ነው።

የጠባሴዋ

ተመለስኩ፣ ወሬ አለኝ።

ማድ ቤቷን የለቀቀችልኝ ጎረቤቴ እናት የቤቱን ባለቤት አክስት ያውቋቸዋል፤ አንድ የሚካኤል ማኅበር ይጠጣሉ። እሳቸው ጋ ሄደን ሁሉንም ነገርናቸው፣ ቁጥሯን ሰጡን፣ በኢሞ ደወልንላት። መጀመሪያ ተቆጣች። "ከመስከረም ጀምሮ አምስት ሳንቲም አልከፈላችሁኝም" አለች። እኛ የመስከረምን ከፍለናል! መልእክቱን ላክንላት። ዝም አለች። ከዚያ "ለምንድነው 4,500 የሚለው?" አለችን። ለካ ለሷ ቤቱ በ3,500 ነው የተከራየው ብሏታል።

ባለቤቴ እዚያው ተነስቶ ሊሄድበት ነበር፣ እንደምንም ያዝነው።

ልጅቷ ጨዋ ናት። የራሷንም ችግር ነገረችን፣ ብሩን የምትጠብቀው ለእናቷ ሕክምና ነው። ያፈርነው ያኔ ነው። የኪራዩ ነገር ባለበት ይቀጥል፣ ውዝፉን በስድስት ወር ክፈሉኝ ብላለች። 2,250 በወር፣ ከመደበኛው ኪራይ ጋር። ከአሁን በኋላ ለአክስቴ አስገቡ አለች። ጥያቄዬ፣ ያ በየወሩ 1,000 ብር የበላው የኛ ነው አይደል? ከውዝፉ ይቀነስልናል?

አከራይ ነኝ

ይኸውላችሁ! ውጭ ያላችሁ ሰዎች ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ ከተከራያችሁ ጋር በዓመት አንዴ እንኳ በስልክ ተነጋገሩ። ቤት ሰጥቶ ስልክ መደበቅ ምን ዓይነት ነገር ነው? እኔ ወኪሉን ትንሽ ላዝንለት ነበር፣ ይቅርብኝ።

ሕግ የጨረስኩ

አይ፣ የናንተ አይደለም። እናንተ በ4,500 ተስማምታችሁ ፈርማችኋል። ወኪል ባለቤቱ ሳያውቅ በሥራው ጥቅም ማግኘት አይችልም (2209)፣ ስለዚህ ያ 1,000 የሷ ገንዘብ ነው፤ የምትጠይቀውም እሷ ናት። እናንተ ምስክር ትሆናላችሁ። ኪራዩን ትንሽ ቀንሺልን ብሎ መለመን ግን ይቻላል፣ እስካሁን 3,500 በቂዋ ነበር መሰለኝ። ልመናና መብት ግን አታደባልቁ።

አሁን የሚያስቸኩለው ወረቀት ነው። በኢሞ የተነገረ ነገር ነፋስ ነው። የውዝፉን አከፋፈል፣ ቅጣት አለመኖሩንና ለአክስቷ አስገቡ ያለችውን በጽሑፍ ትላክላችሁ፤ ስማቸውና የአካውንት ቁጥራቸው ይኑርበት። ለደላላው ውክልና ሰጥታው ከሆነ መሻሯን ለሱም በጽሑፍ ታሳውቀው፣ ቅጂውን ለናንተ ትላክ። አክስቲቱ ውክልና እስኪደርሳቸው ድረስ የሷ መልእክት ይበቃችኋል፣ ለማን እንደሚከፈል የምታዝዘው ባለቤቷ ናትና። ስታስገቡ "የጥር ኪራይ" እና "የጥቅምት ውዝፍ" ብላችሁ ለየብቻ ጻፉበት፣ አንድ ላይ ደምራችሁ አትላኩ፤ በኋላ የትኛው ወር እንደተከፈለ ክርክር ይመጣል።

የጠባሴዋ

እሺ፣ እንዲህ ነው የምናደርገው። ጽሑፉን ትናንት ማታ ልካልናለች፣ አሳትሜዋለሁ። መብራቱም መጥቷል፣ አክስቲቱ ኤሌክትሪሺያን ይዘው መጡ፣ ወጪውንም እሳቸው ቻሉ።

ሰውየው ግን ዛሬ ጠዋት ባለቤቴን መንገድ ላይ አግኝቶ "ከሷ ጋ በቀጥታ ከተነጋገራችሁ እንደ አዲስ ውል ነው፣ የአንድ ወር ኪራይ ኮሚሽን አምጡ" አለው። እዚህ አገር ፊት የሚባል ነገር የለም እንዴ?

ከሸዋ ሮቢት

ሃሃሃ የኛውም ይህንኑ ነበር ያለው!

ሕግ የጨረስኩ

አዲስ ውል የለም፣ ያው ውል ነው እስከ ግንቦት የሚቀጥለው። ኮሚሽኑን ስትገቡ ከፍላችኋል። ለድካሙ የሚገባው አለኝ ካለ ከወከለችው ይጠይቅ፣ እሷም የመስከረሙን ኪራይ ትጠይቀዋለች። ደጃችሁ መጥቶ ከዛተ፣ ያንን ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ይዛችሁ ፖሊስ ጋ ግቡ። ጥላችሁት ከሆነ ፈልጉት።

የጠባሴዋ

አልጣልኩትም። ከውሉ ጋር ፌስታል ውስጥ ነው።