ሥራውን ይወዳል፣ ትምህርት ቤቱን ግን ሊለቅ ነው፤ ምን ላድርግ?

የሳይንስ ተጠሪ፣ አዘዞ

ሰላም ለዚህ ቤት። እዚህ ጎንደር በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ ትምህርት ክፍል ተጠሪ ነኝ። አብሮኝ የሚሠራ የኬሚስትሪ መምህር አለ። ላብራቶሪ የሚባለው ክፍል የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ስለሆነ ከቅዳሜ ገበያ በራሱ ገንዘብ ከርከዴ ገዝቶ፣ ዘፍዝፎ በሃይላንድ ጠርሙስ ይዞ ይመጣል። ሎሚ ሲጨምቅበት ደማቅ ቀይ፣ የኦሞ ውሃ ጠብ ሲያደርግበት ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ልጆቹ ተነስተው ይከቡታል፤ አሲድና ቤዝን ከዚያ ወዲያ ማን ይረሳል?

ይኸው ሰው ስብሰባ ላይ ቃል አይወጣውም፤ ክበብ ያዝ ሲባል አይሆንልኝም አለ፤ ዘንድሮ ደግሞ የዝውውር ፎርም ሞልቷል። ማስተማርን እንዲህ የሚወድ ሰው ትምህርት ቤቱ እንዴት ያስጠላዋል? እንዳናጣው እፈልጋለሁ።

የትምህርት አመራር ተማሪ፣ ማራኪ

እህቴ፣ የሥራ ተነሳሽነትና ለተቋም ያለ ቁርጠኝነት ይለያያሉ። ሜየርና አለን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1991 እ.ኤ.አ. ሰው በመሥሪያ ቤቱ የሚቆይባቸውን ሦስት ምክንያቶች ለይተዋል፦ ስለሚወደው፣ መልቀቁ ስለሚጎዳው፣ መቆየት ግዴታዬ ነው ብሎ ስለሚያምን። መውጫ አጥቶ ብቻ የቀረ መምህር ፈርሞ ይገባል፣ ሲደወል ይወጣል። ስለዚህ ዝውውሩን በማገድ አታስቀሩት።

ወጣት መምህር፣ አራዳ

ኑሮው ከብዶናል፣ የቤት ኪራዩ ብቻ ይበቃል። ግን አስቢው፦ የመንግሥት መምህር ደመወዝ በደረጃው ነው፤ ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ስለተዛወረ አምስት ሳንቲም አይጨመርለትም። እንግዲህ ምክንያቱን እዚያው ግቢ ውስጥ ፈልጊ። እኔ ቀድሞ በነበርኩበት ማንም ክፍሌ ገብቶ ሳያየኝ የሥራ አፈጻጸም ውጤቴ ተሞልቶ መጣና ፈርም ተባልኩ። ማስተማሬን አላጓደልኩም፤ ግቢው ግን የሰው ቤት ሆነብኝ።

ጡረተኛ መምህርት፣ ፒያሳ

ልጄ፣ ስብሰባ ላይ ጭብጨባ አይጠቅመውም። አስፈቅደሽው ክፍሉ ግቢ፣ ሙሉውን ክፍለ ጊዜ ተቀመጪ፣ ያየሽውን ጽፈሽ ከአፈጻጸም ፎርሙ ጋር አያይዢለት። የከርከዴውንም ወጪ ትምህርት ቤቱ ይሸፍን። ከዚያ ሻይ ጠጡና ምን እንደከፋው ጠይቂው፤ ሲናገር አታቋርጪው።

የሳይንስ ተጠሪ፣ አዘዞ

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠየቅሁት፤ ሐሙስ 9ኛ ቢ ክፍል እንድገባ እሺ ብሏል። የወጪውን ነገር ለርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ አቀርባለሁ። ዝውውሩን ግን ተው አልለውም፤ መብቱ ነው።